የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጨዋታን በእጅ ለሚያዝ ኮንሶል የማዘጋጀት የአሠራር መመሪያ

በኮምፒውተር የሚጫወቱት የስትራቴጂ ጨዋታ ሲሠራ፣ ሰፊ ስክሪን፣ ማውስና ከመቶ በላይ ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ተጫዋቹ ፊት እንደሚኖር ታስቦ ነው። በእጅ የሚያዝ ኮንሶል ያለው ግን አንድ አነስተኛ ስክሪን፣ በአውራ ጣት የሚንቀሳቀሱ ሁለት ስቲኮችና ሃያ ያህል ቁልፎች ብቻ ናቸው። በዚህ ምክንያት ሥዕሉን አሳንሶ የኪቦርዱን ቁልፎች ወደ ኮንሶሉ ማዛወር ብቻውን የሚጫወቱት ጨዋታ አያስገኝም። የስትራቴጂ ጨዋታ ሀብቱ ተጫዋቹ የሚወስነው ውሳኔ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ውሳኔዎቹ ሳይጎድሉ ትእዛዝ የሚሰጥበት መንገድ እንደ አዲስ እንዲሠራ የሚያግዙ ናቸው። ቅደም ተከተላቸውም ታስቦበታል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሳይጨርሱ ወደ ስክሪኑ ሥራ መግባት አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ያሠራል።

1. መብቱንና መሣሪያውን አስቀድሞ መወሰን

ጨዋታው የራስዎ ካልሆነ፣ አንድም የኮድ መስመር ከመንካትዎ በፊት የባለመብቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ። እንደ «ባትል ፎር ዌስኖዝ» እና «ፍሪሲቭ» ያሉ ምንጭ ኮዳቸው (ጨዋታው የተሠራበት የፕሮግራም ጽሑፍ) ለሁሉም የተከፈተ ጨዋታዎች ለመማሪያ የተመቹ ናቸው። ሆኖም የሚተዳደሩበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ፣ የተሻሻለውን ጨዋታ ለሌላ ሰው የሚያድል ሁሉ የተሻሻለውን ምንጭ ኮድም በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የኮንሶል አምራቾች በበኩላቸው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራሞቻቸውን የሚሰጡት በምስጢር ጥበቃ ውል በመሆኑ፣ ሁለቱ ግዴታዎች ሊጋጩ ይችላሉ። ሊኑክስ በተባለው ክፍት የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በተመሠረተው፣ ስቲም ዴክ በተባለው በእጅ የሚያዝ ኮንሶል ለመሥራት እንዲህ ያለ ውል ስለማያስፈልግ፣ ለመጀመሪያ ሥራ እሱን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የመረጡትን መሣሪያ አቅም በቁጥር ይጻፉ። ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ጌም ቦይ አድቫንስ 240 በ160 ፒክሰል (የስክሪን ሥዕል የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) የሆነ ስክሪን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኒንቴንዶ ዲኤስ እያንዳንዳቸው 256 በ192 ፒክሰል የሆኑ ሁለት ስክሪኖችና 4 ሜጋባይት ዋና ሜሞሪ ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች ባለ 6.2 ኢንች፣ 1280 በ720 ፒክሰል ስክሪንና 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ ባለ 7 ኢንች፣ 1280 በ800 ፒክሰል ስክሪንና 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። ከአንድ በላይ በሆኑ መሣሪያዎች ላይ ለማውጣት ካሰቡ ሥራውን ከደካማው ይጀምሩ፤ ለደካማው የበቃ ነገር ለጠንካራውም ይበቃል።

2. ተጫዋቹ የሚሰጣቸውን ትእዛዞች መቁጠር

እያንዳንዱን የማውስና የኪቦርድ ትእዛዝ ከነሰዓቱ ፋይል ላይ የሚመዘግብ ትንሽ ኮድ ጨዋታው ውስጥ ይጨምሩና፣ አንድ ጀማሪና አንድ ልምድ ያለው ተጫዋች እያንዳንዳቸው ሙሉ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲጫወቱ ያድርጉ። መዝገቡ በብዛት ቅደም ተከተል ሲደረደር፣ ጥቂት ትእዛዞች አብዛኛውን ቦታ ይዘው ይገኛሉ። እነዚህ በኮንሶሉ ላይ በአንድ ወይም በሁለት ቁልፍ መፈጸም አለባቸው፤ በአንድ ሙሉ ጨዋታ ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚነኩት ግን ሜኑ ውስጥ ቢገቡ የሚጎዳ የለም።

ከዚያ በዝርዝሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ትእዛዝ በአንድ ጥያቄ ይመዝኑት፦ ተጫዋቹ እዚህ ላይ የሚመርጠው ነገር አለ ወይስ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው? ሥራ የፈታን ሠራተኛ በአቅራቢያው ወዳለው ጫካ መላክ አብዛኛውን ጊዜ ምርጫ የለበትም። ስንቱ እንጨት ይቁረጥ፣ ስንቱ ይረስ የሚለው ግን እውነተኛ ውሳኔ ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታው ራሱ ይሥራው፣ ሁለተኛውን ለተጫዋቹ ይተዉለት። «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ኤክስቦክስ ሲመጣ የተከተለው መንገድ ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ሠራተኞቹ በየትኛው ሀብት ላይ እንዲያተኩሩ ሲወስን፣ እያንዳንዱን ሠራተኛ የመመደቡን ሥራ ጨዋታው ሊረከበው ይችላል።

ጨዋታው ሁሉም ወገን በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት ከሆነ፣ በዚህ ደረጃ ላይ ከባድ ውሳኔ ይጠብቅዎታል። ከዚያው የጨዋታ ቤተሰብ የሆነው «ዘ ኤጅ ኦቭ ኪንግስ» እ.ኤ.አ. በ2006 ለኒንቴንዶ ዲኤስ ሲወጣ ተራ በተራ የሚጫወቱት ጨዋታ ተደርጎ እንደ አዲስ ተሠራ። ይህ ድፍረት የሚጠይቅ እርምጃ ነው፤ ሕጉን፣ ሚዛኑንና ኮምፒውተሩ ራሱ የሚመራውን ተጋጣሚ ሁሉ ዳግም መጻፍ ማለት ነውና። የጨዋታው ፈተና በማቀድ ላይ እንጂ በእጅ ፍጥነት ላይ ካልሆነ፣ ጨዋታውን አስቁሞ ትእዛዝ መስጠትና ፍጥነቱን መቀነስ እንዲቻል ማድረግ በአነስተኛ ወጪ ያንኑ ግብ ያደርሳል፤ በእኔ ግምት አስቀድሞ መሞከር ያለበትም እሱ ነው። ፈተናው በእጅ ፍጥነት ላይ ከሆነ ደግሞ ያ ጨዋታ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ የሚሆን መሆኑን ገና ከመነሻው በቅንነት መመርመር ይገባል።

3. የጨዋታውን ሕግ በስክሪን ላይ ከሚታየው መለየት

በብዙ ጨዋታዎች ኮድ ውስጥ የጨዋታው ሕግና የስክሪኑ ሥራ ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ወታደሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ የማውሱን ቦታ በቀጥታ የሚያነብበት ጊዜ ብዙ ነው። እነዚህን ይለያዩ። እያንዳንዱ ትእዛዝ «ዩኒት 14 ወደ ካሬ 30፣ 22 ይሂድ» የሚል ዓይነት አጭር መልእክት ይሁን (ዩኒት ማለት ተጫዋቹ የሚያዝዘው አንድ ወታደር፣ ሠራተኛ ወይም የመሳሰለው ነው)፤ ሕጉን የሚያስፈጽመው ክፍል መልእክቱ ከማውስ፣ ከቁልፍ ወይም ከንክኪ መምጣቱን ማወቅ አያስፈልገውም። ለሳምንታት ምንም የሚታይ ለውጥ የማያመጣ ሥራ በመሆኑ ብዙዎች ሊዘሉት ይፈልጋሉ፤ የቀረው ሁሉ የሚቆመው ግን በዚህ ላይ ነው።

ጥቅሙ ቀድሞ የሚታየው በሙከራ ጊዜ ነው። በኮምፒውተር የተጫወቱትን የትእዛዝ መዝገብ በኮንሶሉ ላይ መልሰው ያጫውቱና፣ በየተራው መጨረሻ የጨዋታውን ሙሉ ሁኔታ የሚያጠቃልል የማረጋገጫ ቁጥር በሁለቱም በኩል ያስሉ። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩበት የመጀመሪያው ተራ ስሕተቱ የገባበትን ቦታ ይጠቁማል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ የዕድል ቁጥር የሚያወጣው ፋንክሽን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ መለያየቱ ሲሆን፣ መፍትሔው የራስን ፋንክሽን ጽፎ ያለበትን ሁኔታ ከተቀመጠው ጨዋታ ጋር አብሮ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው የአስርዮሽ ስሌት ነው፤ የተለያዩ ፕሮሰሰሮችና ኮምፓይለሮች (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች) ውጤቱን በጥቂቱ በተለየ መንገድ ሊያጠጋጉት ስለሚችሉ፣ ያ ጥቂት ልዩነት እየተጠራቀመ ከብዙ ተራ በኋላ ፈጽሞ ሌላ ጦርነት ይፈጥራል። ስለዚህ በሕጉ ውስጥ ያለውን ስሌት ሁሉ ወደ ሙሉ ቁጥር መለወጥ ይሻላል። የአስርዮሽ ስሌት ክፍል በሌላቸው እንደ ኒንቴንዶ ዲኤስ ባሉ መሣሪያዎች ደግሞ ይህ ለፍጥነትም ሲባል የማይቀር ነው፤ በዚያ የተለመደው አሠራር ቁጥር 1ን በ4096 መወከልና የታችኞቹን 12 ቢቶች (ኮምፒውተር ቁጥር የሚጽፍባቸው የ0 እና የ1 አሃዞች) ለክፍልፋይ መተው ነው።

4. የትእዛዝ አሰጣጡን እንደ አዲስ መንደፍ

ከሥራው ሁሉ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው። ማውስ ተጫዋቹን ከስክሪኑ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ በቅጽበት ያደርሰዋል፤ ስቲክ ግን በመካከል ያለውን መንገድ ሁሉ ያስኬደዋል። ስለዚህ የንድፉ ዋና ጥያቄ ተጫዋቹ ቀጥሎ የሚፈልገውን ነገር እንዴት አቅርቦ መስጠት ይቻላል የሚለው ነው።

ተራ በተራ በሚጫወቱት ጨዋታ ጠቋሚው ከካሬ ወደ ካሬ እንዲዘልል ያድርጉ። የአቅጣጫ ቁልፉ አንዴ ሲነካ አንድ ካሬ ይሂድ፣ ተጭኖ ሲቆይ ደግሞ ከ300 ሚሊሰከንድ ያህል በኋላ እየፈጠነ ይቀጥል፤ ይህን ቁጥር መነሻ አድርገው መሣሪያውን በእጅዎ ይዘው ያስተካክሉት። ለዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2001 ከመነሻው ለጌም ቦይ አድቫንስ ታስቦ የተሠራው «አድቫንስ ዎርስ» ነው፤ ሙሉ ጦርነት በካሬዎች ላይ፣ በአቅጣጫ ቁልፍና በጥቂት ተጨማሪ ቁልፎች ብቻ ይመራበታል። ካርታው ሰፊ ሲሆን ግን የካሬ ዝላይ ብቻውን ያደክማል። በዚህ ጊዜ በመሣሪያው የላይኛው ጠርዝ ካሉት የትከሻ ቁልፎች አንዱ ገና ትእዛዝ ወዳልተሰጠው ዩኒት፣ ሌላው ወደ ቀጣዩ ከተማ ወይም ወደተጠቃው ስፍራ ጠቋሚውን ይውሰደው። ዩኒቶቹ የሚከታተሉበት ቅደም ተከተል በተፈጠሩበት ጊዜ ሳይሆን በቅርበታቸው ይሁን፤ አለበለዚያ ካሜራው ከካርታው ጫፍ ወደ ጫፍ እየዘለለ ተጫዋቹን ያደናግረዋል።

ሁሉም በአንድ ጊዜ በሚንቀሳቀስበት ጨዋታ የተሻለው መንገድ ጠቋሚውን ስክሪኑ መሐል አስቁሞ ካርታውን ከሥሩ ማንቀሳቀስ ነው። ጠቋሚው ሊመረጥ በሚችል ነገር አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና ቀስ ብሎ ወደዚያ ነገር ይሳብ። በማውስ ሳጥን እየሳሉ ብዙ ዩኒት የመምረጡ ልማድ እዚህ አይሠራም፤ በምትኩ የምርጫ ቁልፉ ተጭኖ በቆየ መጠን ከጠቋሚው ዙሪያ ክብ እየሰፋ ይሂድና በውስጡ የገባው ሁሉ ይመረጥ፣ ሁለቴ ሲነካ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ያሉት ተመሳሳይ ዩኒቶች በሙሉ ይመረጡ።

የግንባታና የምርት ትእዛዞችን በክብ ሜኑ ማቅረብ ይቻላል፤ ቁልፉን ተጭኖ ስቲኩን ወደ አንድ አቅጣጫ መግፋት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጣት ራሱ የሚያውቀው እንቅስቃሴ ይሆናል። በአንድ ክብ ላይ ከ8 በላይ ምርጫ አያስቀምጡ፣ ምርጫዎቹም ቦታቸውን ፈጽሞ አይቀይሩ። ለጊዜው የማይገኝ ምርጫ ደብዝዞ በቦታው ይቆይ እንጂ ከክቡ አይጥፋ፤ ቦታው ከተለዋወጠ ጣት የተማረው ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ማውስን አንድ ነገር ላይ ሳይጫኑ ሲያሳርፉት የሚወጣው ማብራሪያ በቁልፍ በሚሠራ መሣሪያ ላይ የለም፤ ይህ በብዙ ሥራዎች ላይ የሚረሳ ነገር ነው። የስትራቴጂ ጨዋታ ግማሽ ዕውቀቱ በእነዚያ ማብራሪያዎች ውስጥ ስለሚገኝ፣ አንድ ቁልፍ ለማብራሪያ ብቻ ይመደብና በየትኛውም ገጽ ላይ ያንኑ ሥራ ይሥራ። የመሰረዣ ቁልፉም እንዲሁ በሁሉም ቦታ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ ይመልስ። በኒንቴንዶ መሣሪያዎች ላይ የኤ ቁልፍ በቀኝ፣ በኤክስቦክስና በስቲም ዴክ ላይ ግን በታች ስለሚገኝ፣ በስክሪን ላይ የሚታዩት የቁልፍ ምልክቶች ለየመሣሪያው ተለይተው መዘጋጀት አለባቸው።

የንክኪ ስክሪን ካለ ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ ብቸኛ መንገድ ግን አይሁን፣ ምክንያቱም ስዊች ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ ስክሪኑ ሊነካ አይችልም። በጣት የሚነካ ቦታ 9 ሚሊሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው ይሁን፤ በመጀመሪያው ስዊች ስክሪን ላይ ይህ 84 ፒክሰል ገደማ ይሆናል።

5. ጽሑፉንና ስክሪኑን ማስተካከል

የጽሑፍ መጠን በፒክሰል ሳይሆን በሚሊሜትር ይታሰብ። በ24 ኢንች፣ 1920 በ1080 ፒክሰል በሆነ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ 12 ፒክሰል ቁመት ያለው ፊደል 3.3 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ያው 12 ፒክሰል በስዊች ስክሪን ላይ 1.3 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። መሣሪያው ለዓይን የቀረበ መሆኑ ጥቂት ያካክሳል እንጂ ልዩነቱን አይሞላም። የስቲም ዴክ አምራች ለጨዋታዎች በሚያደርገው ምርመራ ላይ፣ በ1280 በ800 ፒክሰል ትንሹ ፊደል ከ9 ፒክሰል በታች እንዳይሆን ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ወለል ነው፤ ረጅም ጽሑፍ ለሚነበብበት ጨዋታ ከዚያ በእጅጉ ከፍ ማለት አለበት፣ እንደ ግዕዝና እንደ ቻይንኛ ያሉ ጭረታቸው የበዛ ፊደሎችም ከላቲኑ የበለጠ ፒክሰል ይፈልጋሉ።

ፊደሉ ሲያድግ ቦታው ይጠባል፤ እዚህ ላይ በሁለተኛው እርምጃ የተሠራው ዝርዝር ዳግም ይጠቅማል። ለእያንዳንዱ ውሳኔ የትኞቹ ቁጥሮች ግድ እንደሆኑ ይጻፉና እነሱ ብቻ ሁልጊዜ ይታዩ፤ የቀሩት በማብራሪያ ቁልፉ ይምጡ። ለምሳሌ ለማጥቃት የሚዘጋጅ ተጫዋች የሚጠበቀውን ጉዳት በሁለቱም ወገን ማየት አለበት፣ የጉዳቱን ስሌት ዝርዝር ግን ሲፈልግ ብቻ ይክፈተው። የወገንና የጠላት ልዩነትም በቀለም ብቻ አይታይ፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግራቸው ተጫዋቾች ቅርጽ ወይም ምልክት ይጨመር። የካርታው ማቅረቢያና ማራቂያ ደረጃ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።

6. ሜሞሪና ፍጥነት

አስቀድመው ያስሉ። 512 በ512 ካሬ የሆነ ካርታ 262,144 ካሬዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ካሬ 32 ባይት ቢይዝ 8 ሜጋባይት ይሆናል፣ ይህም ከኒንቴንዶ ዲኤስ ዋና ሜሞሪ እጥፍ ነው። የመሬቱን ዓይነት፣ ባለቤቱንና የታየ መሆን አለመሆኑን በጥቂት ቢቶች አጣምሮ በ8 ባይት ቢጽፉት ወደ 2 ሜጋባይት ይወርዳል። ብዙ ሜሞሪ ባላቸው መሣሪያዎች ላይም ይህ ጥቅም አለው፤ የተጠቀጠቀ መረጃ ፕሮሰሰሩ በፍጥነት የሚያነበው መረጃ ነው።

በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ተከታታይ ሥዕል፣ ለማሳየት ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ፣ በ30 ፍሬም ደግሞ 33.3 ሚሊሰከንድ ነው። በስትራቴጂ ጨዋታ ይህን ጊዜ አብዝቶ የሚበላው የመንገድ ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው ኤ ስታር የተባለው ስልት እስከ ዛሬ በሰፊው ያገለግላል፤ ሆኖም መቶ ዩኒቶች በአንድ ጊዜ መንገድ ሲጠይቁ ፍሬሙ ይቆማል። ጥያቄዎቹን ወረፋ አስይዘው በየፍሬሙ የተወሰነ ጊዜ ብቻ ይስጧቸው። ካርታውን በ16 በ16 ካሬ ብሎኮች ከፍለው መጀመሪያ በብሎኮች መካከል፣ ከዚያ በብሎኩ ውስጥ መፈለግም ሥራውን በብዙ ይቀንሰዋል። የኮምፒውተሩ ተጋጣሚ የሚያስብበት ጊዜም በተመሳሳይ መንገድ በብዙ ፍሬሞች ላይ ይከፋፈል፣ በዚያ ጊዜም ተጫዋቹ ካርታውን እየዞረ ማየት ይችል።

ልኬቱን የሚወስዱት በጨዋታው መጨረሻ አካባቢ፣ ካርታው በዩኒት በሞላበት ሰዓት ይሁን። ያኔም ጊዜው የሚበዛ ከሆነ ትልቁን የካርታ መጠን ከምርጫው ማውጣት ይሻላል፤ የተጋጣሚውን ብልሃት ለተጫዋቹ ሳይነግሩ መቀነስ ግን ጨዋታውን ከውስጡ ባዶ ማድረግ ነው።

7. ባትሪ፣ እንቅልፍና ማስቀመጥ

የመጀመሪያው ስቲም ዴክ ባትሪ 40 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ መሣሪያው 20 ዋት ሲፈጅ ሁለት ሰዓት፣ 8 ዋት ሲፈጅ አምስት ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። ተራ በተራ በሚጫወቱት ጨዋታ ተጫዋቹ እያሰበ ሳለ ስክሪኑ ላይ የሚለወጥ ነገር ስለማይኖር፣ በዚያ ጊዜ ሥዕሉን ደጋግሞ መሣል በከንቱ ባትሪ መጨረስ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር በሌለበት የፍሬሙን ቁጥር ዝቅ ያድርጉ።

በእጅ የሚያዝ መሣሪያ በማንኛውም ቅጽበት ይዘጋል። ጨዋታው በየተራው መጀመሪያ ራሱን ያስቀምጥ፤ ሲያስቀምጥም አዲሱን በሌላ ስም ጽፎ፣ በትክክል መጻፉን በማረጋገጫ ቁጥር አይቶ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በአሮጌው ቦታ ይተካው። ኃይል መሐል ላይ ቢቋረጥ ከሁለቱ አንዱ ሳይበላሽ ይቀራል። ከኮምፒውተሩ ጋር ፋይል መለዋወጥ ከተፈለገ የፋይሉ የእትም ቁጥር፣ የእያንዳንዱ መስክ ስፋትና የባይቶቹ ቅደም ተከተል በግልጽ ይወሰኑ። ተጫዋቹ ከቀናት በኋላ ሲመለስ ባለፈው ተራ የሆነውንና የጀመራቸውን ሥራዎች በአጭሩ የሚያስታውስ አንድ ገጽ ቢቀበለው፣ ያቋረጠውን ሐሳብ መልሶ ለመያዝ ይረዳዋል።

8. በመሣሪያው ላይ መሞከር

ሙከራው በኮምፒውተር ላይ ባለ ማስመሰያ ሳይሆን በራሱ በመሣሪያው ላይ ይደረግ፤ የፊደል መጠን፣ የጣት ድካምና ሙቀት የሚታወቁት እዚያ ብቻ ነው። ጨዋታውን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጠው ምንም ሳይናገሩ ይመልከቱ፣ የት ቆሞ እንደሚያመነታም ይጻፉ። በሁለተኛው እርምጃ ከዝርዝሩ ራስ ላይ የነበሩትን አሥር ትእዛዞች ይውሰዱና እያንዳንዱ በኮንሶሉ ላይ ስንት ጊዜ ቁልፍ መጫን እንደሚጠይቅ ይቁጠሩ። ከሦስት በላይ የሚጠይቅ ካለ ወደ አራተኛው እርምጃ ተመልሰው ያንን ትእዛዝ እንደ አዲስ ይንደፉ።

በመጨረሻ መሣሪያውን ሆን ብለው ያስቸግሩት፦ በተጋጣሚው ተራ መሐል ያስተኙት፣ ማከማቻው ሞልቶ ሳለ እንዲያስቀምጥ ያድርጉት፣ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው መልሰው ይንቀሉት፣ ተነቃይ መቆጣጠሪያ ካለው በጨዋታ መሐል ያላቅቁት። ከእያንዳንዱ በኋላ በሦስተኛው እርምጃ የተዘጋጀውን የማረጋገጫ ቁጥር ያወዳድሩ፤ ሁሉም ሲገጥም ሥራውን ለአምራቹ ምርመራ ያስገቡ።